ሐያትን ይዤ ካርቱም፣ ስልክ እየመራን

ሐያት እናቷን ከጀርባዋ እንዴት አወቀቻት?

ከተመለስኩ ወዲህ ይህን ስንቴ እንዳገላበጥኩት አላውቅም። እናቷ ትታት ስትሄድ ልጅቷ ገና ጡት መጣሏ ነበር። ከዚያ በኋላ የምታውቃት በስልክ ነው፤ ያውም ፊቷን ብቻ፣ ከአገጭ እስከ ግንባር። አካሄዷን አይታ አታውቅም፣ ቁመቷን አታውቅም። እንዲያም ሆኖ ካርቱም፣ ሚና በሪ በሚሉት የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ገና ከመቀመጫችን ሳንነሳ፣ ቶብ የሚሉትን ረጅም ልብስ ተጠቅልለው ጀርባቸውን ከሰጡን ሴቶች መካከል አንዷን በመስኮት ጠቁማ «ያቻትና እማ» አለችኝ። እኔ የእናቷ ታላቅ እህት ነኝ፤ አላወቅኋትም ነበር።

የምጽፈው ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት ስለነበረችው ካርቱም ነው። ስለ ስልክ ብዙ መጻፌን አንባቢ ይታገሰኝ፤ ከደሴ እዚያ ድረስ የመራን እሱ ስለሆነ ነው። አንዳንዱ ዘዴም የትም ለማይሄድ ሰው ይጠቅማል።

ከመነሳታችን በፊት

ደሴ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። የማታ ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ ነው፤ በጽሑፍ ያላየሁት ነገር ቶሎ የማይዋጥልኝ ለዚህ ይሆናል። ከድጃ ታናሽ እህቴ ናት። ትዳሯ ሲፈርስ ልጇን ለእኔ ትታ በመተማ በኩል ካርቱም ገባች። ቡሪ በሚባለው ሰፈር ከአንዲት አሮጊት ሐጃ ቤት ትሠራለች፤ የምታድረው ግን ሀበሻ በሚበዛበት በሳጃና ነው። ሐያትን ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እኔን እትዬ ትለኛለች፤ እማ የምትለው ስልኩን ነው።

ከመግሪብ በኋላ ስልኬ ይጠራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስልኩ የእኔ አይደለም። ፊደል ያስቆጠርኋት እኔ፣ «እማ፣ ስሚኝ ላንብብልሽ» የምትባለው እሷ። ስታተኩስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያደርኩት እኔ፣ «አሞኝ ነበር እኮ» የምትባለው እሷ። ከድጃ ስክሪኑን ትስማለች፣ ልጅቷም መልሳ ትስማለች፣ በኋላ እኔ በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ቅናት ነው ወይ ብትሉኝ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

በዚያ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከድጃ ልጄን አምጪልኝና ልያት አለች። በድምፅ መልእክቷ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ ከተስማማት እዚሁ ትቀር ይሆናል፣ ትምህርት ቤትም አይቼላታለሁ ብላ ጨመረችበት። ደጋግሜ ሰማሁት። ከዚያ «እሺ» ብቻ ብዬ ጻፍኩላት። ልጅቷን ይዤ የምሄደው ላሳያት ይሁን ላስረክባት ሳላውቅ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመርኩ።

ትእዛዟ በየቀኑ በድምፅ ይመጣል። የመንገዱን ካርታ ጥሩ ኢንተርኔት ካለበት ሆነሽ አስቀድመሽ አውርጂው፣ ኔትወርክ በሌለበት ይሠራልሻል። የሁለታችሁን ፓስፖርትና የክትባት ካርድ ፎቶ አንስተሽ ለራስሽ በኢሜይል ላኪው፤ ስልኩ ቢጠፋ ከማንም ስልክ ታወጪዋለሽ። ስልኩ ተቆልፎ እያለ በሚታየው ገጽ ላይ የእኔን ቁጥር አስቀምጪ፤ ወድቆ ያገኘው ሰው መክፈት ሳያስፈልገው ይደውልልኛል። የዐረብኛ መተርጎሚያውን ጫኚ። የት እንደደረሳችሁ እኔ ዘንድ በካርታ የሚያሳየውን ክፈቺው። ይህን ሁሉ ያሳየቻት የሐጃዋ የልጅ ልጅ መሆኗን አልደበቀችኝም። እኔ መመሪያውን ሳላነብ አልነካም ስል ሐያት ከእጄ ወሰደችና ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰችው። በካርታው ላይ ሁለት ነጥቦች ታዩ፤ አንዷ እኛ፣ አንዷ ከድጃ። ሐያት የእናቷን ነጥብ በጣቷ ደባበሰቻት።

የመጀመሪያው ቀን፣ ከደሴ ጎንደር

ደሴን በጭጋግ እንደተሸፈነች ትተናት ወጣን። ወልድያ ቁርስ በላን፤ ጋሸና ስንደርስ ብርዱ በአውቶቡሱ መስኮት ስንጥቅ ሁሉ ይገባ ነበር፣ ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ዝም አለ። ሐያት ብቻ አላረፈችም። ከተማ በደረስን ቁጥር ስልኩን አፏ አጠገብ ታስጠጋና «እማ፣ አሁን ያለነው ጋሸና ነው፣ ይበርዳል» እያለች ትልካለች። እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ተማርኩ፦ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት መንገድ መደወል ልፋት ብቻ ነው፤ የድምፅ መልእክት ግን ተቀምጦ ይጠብቅና ኔትወርክ ሲገኝ ራሱ ይሄዳል። የእናቷም መልስ እንዲሁ ተጠራቅሞ ደብረ ታቦር ላይ በአንድ ጊዜ ገባ። በእያንዳንዱ መልስ ውስጥ «ነጥባችሁን እያየኋት ነው» ትላለች። እኔ ጎኗ ተቀምጫለሁ፣ የምትጠበቀው በነጥቧ ነው።

ጎንደር ያደርንባት ትንሽ ፔንሲዮን ጣሪያዋ አልጋው ላይ ያንጠባጥብ ነበር። ባለቤቷ ሲነገራቸው አልተከራከሩም፤ የራሳቸውን ክፍል ለቀቁልንና እሳቸው ከሠራተኛቸው ጋር አደሩ። ጠዋት ስንወጣ ለልጅቷ ዳቦ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጧት። ደሴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥመኝ በሐቅ አስቀድሜ አኮርፍ ነበር።

ሁለተኛው ቀን፣ ከጎንደር መተማ

ከጎንደር ወደ መተማ መውረድ ከአንድ ወር ወደ ሌላ ወር መውረድ ነው። ጠዋት የለበስኩትን ሹራብ አይከል ላይ አወለቅሁ፣ ከነጋዴ ባሕር በኋላ ደግሞ ሻሼን ማላላት አማረኝ። ከሸኸዲ ወዲህ አውቶቡሱ ጭቃ ያዘውና ወንዶቹ ወርደው ሲገፉ ከሰዓቱ ብዙ አለፈ። እኛ ዛፍ ጥላ ስር ቆመን ስልኩ እየሞተ መሆኑን አየሁ። ማንም አልነካውም። ከጎኔ የቆመች፣ ሽንኩርት ነጋዴ ነኝ ያለችኝ ሴት ሳቀችብኝ። «ኔትወርክ ሲያጣ እየዞረ ይፈልጋል እህቴ፤ ከብት እንደጠፋበት እረኛ ነው የሚደክመው። የአውሮፕላኑን ምልክት ጫኚለት፣ ይተኛ።» ከድጃም ነግራኝ ነበር፤ አውሮፕላን ላይ ካልተሳፈርኩ ምን ያደርግልኛል ብዬ ንቄው ነው። ምክሩ ሲገባኝ ባትሪው አልቋል።

መተማ ያደርነው ግቢ ውስጥ፣ አንግረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ፣ አጎበር ተዘርግቶልን ነው። ቤት ውስጥ ማን ይተኛል በዚያ ሙቀት። መብራት አልነበረም። አሳዳሪያችን ስልኬን ተቀብላ ጄኔሬተር ካለው ጎረቤቷ ዘንድ ወሰደችልኝ፤ ቻርጀሩ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋ ከራሷ ሻሽ ላይ ክር መዝዛ አሰረችበት። የኔትወርኩን ነገር ግን ለአላህ ተይው አለችኝ። ሐያት ትንሽ አለቀሰች። እማ ነጥባችንን ስታጣው ትሰጋለች አለች። አባበልኳት፣ ካነበብኳቸው ታሪኮች አንዱን ነገርኳት፣ ሁለተኛውንም ጠየቀችኝ። እጄን ይዛ ተኛች። ደሴ ሳለን በዚያ ሰዓት እጄን ይዛኝ አታውቅም፤ እጇ ስልክ ይዞ ነው የሚያመሸው። ኔትወርክ ስለጠፋ አላህን አመሰገንኩ። ይህን ማመስገን ሐላል ይሁን አይሁን እስካሁን ማንንም አልጠየቅሁም።

ሦስተኛው ቀን፣ ከገላባት ካርቱም

ድንበሩን ወደ ገላባት ስንሻገር ነገሩ ሁሉ ዐረብኛ ሆነ። የኢትዮጵያው ሲም ሞተ። ገዳሪፍ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ከፊታችን የተቀመጡ ጀላቢያ የለበሱ ሽማግሌ የሐያትን ፊት አይተው ምን ሆነች አሉ። በምልክት ስልኩን አሳየኋቸው። የራሳቸውን ስልክ አወጡና ኢንተርኔታቸውን ከፈቱልን፤ እሱም አንድ ዘዴ ነው፣ የአንዱ ሰው መስመር ለሌላው እንደ ዋይፋይ ይሆናል። የከድጃ መልእክት እንደ በረዶ ወረደብን። ነጥባችን ጭቃው ላይ ቆማ እንደቀረች፣ ሌሊቱን ስታያት እንዳደረች፣ ሐጃዋ ቁርዓን እንደቀሩልን። ሐያት «እማ፣ አለን አለን» ትላለች። ሽማግሌው ከእኔ በላይ ደስ አላቸው። ረሲድ፣ ማለት የአየር ሰዓት፣ ልግዛልዎ ብላቸው እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉኝ።

ገዳሪፍ ምሳ በላን። ሐያት የስልኩን ካሜራ ወደ ምግብ ቤቱ ሰሌዳ ደቅና በአማርኛ ሲያወጣው «ደስተኛው ባቄላ ይቆጣል» የሚል ታየን። የመጣልን ፉል ግን አልተቆጣም፤ ዘይትና አይብ ጠግቦ፣ ትኩስ ዳቦ ታቅፎ መጣ። እኛ አገር ፉል ቁርስ ነው፤ እነሱ ጠዋት ያልበሉትን ቀትር ላይ ይክሱታል። መተርጎሚያን እንዲህ ባለው ቦታ መቀለጃ አድርጉት፤ የመድኃኒት ወረቀት ግን አታስነብቡት።

ከገዳሪፍ በኋላ ዓይን የሚያርፍበት የለም። ደሴ ላይ የትም ብትዞሩ ተራራ ይመልሳችኋል፤ እዚያ ግን ማሽላው እስከ ሰማይ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ዋድ መደኒ፣ ከዚያ አቧራ፣ ከዚያ ከተማው። በመስኮት የጠቆመችኝ ያኔ ነው።

ከአውቶቡሱ ወርዳ ወደ እናቷ ሮጠች። ከድጃ ዞር ብላ እጇን ስትዘረጋ ግን አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመችና ተመልሳ ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገች። ከድጃ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። እህቴ ታሳዝነኛለች ብዬ መጻፍ ይገባኝ ነበር። የተሰማኝ ሌላ ነው፤ ልጅቷ ከኋላዬ ቀሚሴን ስትጨብጥ ልቤ ሞቀ።

ሳጃና

የከድጃ ክፍል ብዙ ቤተሰብ ከሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ ከሰማያዊ የብረት በር ጀርባ ናት። አብራት የምትኖረው ዘሀራ የቦረና ሳይንት ሰው ናት፣ ሳቋ ከድምፅዋ ይቀድማል። ሐያት ምግብ ከእናቷ እጅ አልወስድም ብላ ዓይኗን መሬት ላይ ስትተክል ዘሀራ «ከድጃ፣ አብሽሪ፤ ልጅሽ የምታውቅሽ እስከ አንገትሽ ነው። የቀረሽውን ቀስ ብላ ትለምደዋለች» አለቻት። ከድጃ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷን አዞረች። ለልጇ ቀሚስ ገዝታ ነበር፤ ለባለፈው ዓመት ልጅ የሚሆን ነው።

መግሪብ ተሰገደ። ሐያት ተነሳችና ከድጃ የሱዳን ሲም ያስገባችበትን ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥታ ወደ ግቢው ወጣች። ወዲያው የከድጃ ስልክ ክፍሉ ውስጥ ጠራ። ከድጃ ስልኳን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ አነሳችው። እናትና ልጅ መሀላቸው አንድ ግድግዳ ሆኖ በስልክ መነጋገር ጀመሩ።

«እማ፣ ደረስን።»

«ደረሳችሁ የኔ ዓለም? መንገዱ ደህና ነበር?»

«ሞቀኝ። እማ፣ እዚያ ክፍል ያለችው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀጭን ነሽ» አለች ሐያት። ከዚያ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ተቆጪው ባቄላ፣ ስለ ጎንደሩ ዳቦ ሳታቋርጥ አወራች፤ ከደረስን ወዲህ ለእናቷ አንድ ቃል ያልተነፈሰች ልጅ። እኔ ደጃፉ ላይ፣ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ ነበር። የከድጃ ድምፅ መጀመሪያ በመስኮቱ ይመጣል፣ ቆይቶ በስልኩ። ስልኮቹ ሲቀራረቡ ያፏጫሉ፣ ያኔ ሐያት ወደ ጓሮ ራቅ ትላለች። በመጨረሻ ዞር ብላ አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ እንዳትሰማ» ስትል ሰማሁ። የቀረውን አልሰማሁም። እኔ አሳድጌያት ከእኔ የሚደበቅ ነገር አላት።

ዘሀራ ብቻ ወደ ግቢው አንገቷን አውጥታ ረሲድ የምትጨርሱት ለዚህ ነው ወይ፣ ግድግዳውን አንኳኩና አውሩ ብላ ገባች።

ቀጣዮቹ ቀናት

በየማታው እንዲያ ሆነ፤ ልዩነቱ ሐያት በየቀኑ ወደ በሩ መቅረቧ ነው። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ፣ አንድ ቀን ምንጣፉ ጫፍ ላይ ሆና ደወለች። ከዚያ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስልክ ላይ ፎቶ ማየት ጀመሩ። የእኔን ስልክ ሳይሆን የከድጃን። ለካ እኔ የላክሁላትን ፎቶ ሁሉ ከድጃ በሐያት እድሜ ቅደም ተከተል ደርድራ አስቀምጣዋለች፤ አንዳንዱን እኔ አጥፍቼዋለሁ፣ ቦታ ሞላብኝ ብዬ። ፎቶ ወዲያ ወዲህ ሲላላክ ጥራቱ ስለሚወርድ ከካሜራው የወጣውን እንዳለ በፋይል መልክ መላክ እንደሚሻል ያን ጊዜ አስተማረችኝ። ስትነግረኝ ትሕትና ነበራት፤ እኔ ግን የሐያትን ጥርስ መውለቅ ያየሁት በዓይኔ ነው፣ ጥራቱ አልወረደብኝም ብዬ በሆዴ መለስኩላት።

አንድ ቀን ከድጃ ሥራ ስትሄድ ሐያትን ይዤ ሱቅ ዐረቢ ወደሚሉት ገበያ ወረድኩ። አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጣሉ ብለውኝ ነው። የከድጃን ትእዛዝ አልረሳሁም፦ በሱቅ ዐረቢ ስልክ በእጅ አይያዝም፣ መንገድ ማየት ካስፈለገ ሱቅ ውስጥ ተገብቶ ነው፤ ከቤት ሲወጣ ደግሞ ለሹፌር የሚያሳዩት የበሩ ፎቶ ይነሳል። አንስቼ ነበር። መጻሕፍቱ ሁሉ ዐረብኛ ነበሩ፤ ገጻቸውን እያገላበጥኩ ቆየሁ፣ ሽታቸው የእኛው ነው። ስንመለስ የሐፍላዎቹ፣ የሚኒባሶቹ፣ መቆሚያ ጠፋኝ። ረክሻ ለሚሉት ባጃጅ ነጂ ፎቶውን ባሳየው ሳቀ፤ ለጓደኛው አሳየው፣ እሱም ሳቀ።

ሻይ የምትሸጥ ሴት በአማርኛ ስናወራ ሰምታ ጠራችን። ፎቶውን አይታ «እህቴ፣ በዚህ በር እኮ ካርቱም በሙሉ ይገባበታል» አለች። እውነቷን ነው። በሩን አስተካክዬ፣ አራቱን ማዕዘን አሟልቼ፣ አንድ ጥግ ሳላስተርፍ ነው ያነሳሁት፤ መንገዱ የለ፣ መስጊዱ የለ፣ ጎኑ ያለው ዳቦ ቤት የለ። መጽሐፍ ስካን የማደርግ ይመስል። አንባቢ ፎቶ ሲያነሳ ወደ ኋላ ይበል፤ ደግሞም ያለበትን ቦታ ካርታው ላይ ምልክት ያድርግ።

ሐያት ለእማ እንደውልላት አለችኝ። ቀላሉ እሱ ነበር። አያስፈልግም አልኩ። ያን አንድ ከሰዓት ለብቻዬ ልይዛት ፈልጌ ነበር፣ ጠፍተንም ቢሆን። ሻይ ሻጯ በርጩማ ሰጠችን፣ ዝንጅብል ያለበት ሻይ ቀዳችልን፣ ሐያትን እናትሽ ናት ወይ አለቻት። «አይደለችም፣ እትዬ ናት» አለች ልጅቷ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፤ «እማ ሥራ ናት።» ሻዩን ጨርሼ ተነሳሁ። ሴትዮዋ ሥራዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ሳጃና ድረስ ይዛን መጣች፤ ሳንቲም አልተቀበለችኝም።

በማግስቱ ከድጃ ትምህርት ቤቱን አሳየችን። በአማርኛም ያስተምራሉ፣ ግቢው ንጹሕ ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ የእኔን ግማሽ ቢሆን ነው፤ ያችን ግማሽ እየለካሁ ነው የዞርኩት። ማታ ከድጃ ሳህን እያቀረበች፣ ልጅቷ እየሰማች፣ ቀኑ ሲደርስ ራሷ ትመርጣለች አለች፤ ከእኔ ጋር ወይ ከእትዬ ጋር። እኔ እንደገና «እሺ» አልኩ። ሐያት የቆረሰችውን አላነሳችም። በነጋውም እንዲሁ። በዚያ ማታ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ከተማውን ሸፈናት፤ በሩን በእርጥብ ጨርቅ ደፍነን ተቀመጥን። ሐያት ለማንም አልደወለችም።

ዓርብ፣ ቡሪ

ከጁምዓ በኋላ ሐጃዋ ምሳ ጠሩን። ቤታቸው ዓባይ ማዶ የሚታይበት አሮጌ ቤት ነው፣ ግቢው መሀል ኒም ዛፍ አለ። ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን፤ ኪስራ የሚሉት ስስ እንጀራ ከእኛው ይልቅ ወረቀት ይመስላል፣ ጣዕሙ ግን ዘመድ ነው። ሐጃዋ ሐያትን «ቢንቲ፣ ቢንቲ» እያሉ አጎረሷት። ልጄ ማለታቸው ነው አለችኝ ከድጃ። እኔን ደግሞ ለጎረቤቶቻቸው ኡኽት ከድጃ እያሉ አስተዋወቁኝ፣ የከድጃ እህት። ሐያት ሁለት ጊዜ ጎረሰችና አቆመች።

ከምግብ በኋላ እናትና ልጅ ሳህን ሊያጥቡ ከግቢው ጥግ ወዳለው ማድ ቤት ሄዱ። እኔና ሐጃዋ ከዛፉ ስር አንግረብ ላይ ቀረን። ተያየን፣ ፈገግ አልን፣ ወሬ የለንም። ሐጃዋ ስልካቸውን ከቶባቸው ውስጥ አወጡ፣ የልጅ ልጃቸው የጫነችላቸውን መተርጎሚያ ከፈቱ፣ አፋቸው ላይ አስጠግተው ተናገሩበት። ስልኩ በወንድ ድምፅ፣ እኔንም ወንድ አድርጎ፣ ለምን አዝነሃል አለኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ስልኩን ተቀበልኳቸው። እኚህን ሴት ከዛሬ በኋላ አላያቸውም፤ አማርኛዬን አይሰሙ፣ ፊቴን አያውቁ። በሕይወቴ ማንም ጠይቆኝ ያልመለስኩትን ለዚያ ስልክ መለስኩለት። «ልጅቷን እዚህ ትቻት መሄድ አልችልም። እህቴ እናቷ ናት፣ መብቷ ነው። ግን እቀናባታለሁ። በየማታው እቀናባታለሁ። ያለ ሐያት ደሴ ብመለስ ያን ቤት ለማን ብዬ እከፍተዋለሁ።» ጨረስኩና የመተርጎሚያውን ምልክት ነካሁ።

ያልገመትኩት የሐጃዋን ጆሮ ነው። ጆሯቸው ከብዷል፤ የስልካቸው ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ የተቀመጠ ነበር። ያ የወንድ ድምፅ በዐረብኛ፣ እንደ ዜና አንባቢ ቃል በቃል፣ ግቢውን ሞልቶ አነበበው። ሐያት ዐረብኛ አታውቅም። ማድ ቤት ውስጥ የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

ከድጃ እስከ ክንዷ አረፋ እንደሆነች መጣች። ሐያትን በማድ ቤቱ በር ላይ ሳሙናውን አስይዛ ትታት ነው። ከፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እታለም፣ ለእኔ በአማርኛ ንገሪኝ።»

ነገርኳት። በአማርኛ ረዘመ። ስለ ስክሪኑ መጥረግም፣ ስለ መተማው ማታም ነገርኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ከዚያ እሷም በየማታው ስልኩ ሲዘጋ የሐያትን ፀጉር የሚጎነጉነው ማን እንደሆነ እያሰበች በእኔ ስትቀና እንደኖረች ነገረችኝ፤ አንቺን መጠየቅ ፈርቼ ነው ልጅቷ ትምረጥ ያልኩት አለች።

«በእሷ ላይ አትጫኚው» አልኳት። «እህል መብላት አቁማለች፤ አየሽ አይደል።»

«አይቻለሁ።» ወደ ማድ ቤቱ አየች። ልጅቷ ሳሙናውን ይዛ በሩ ላይ እንደቆመች ነው፣ ሁለታችንንም ታያለች። 

ሐጃዋ ምን እንደሆንን ግራ ገብቷቸው ስልኩን መሀላችን ዘረጉት። ስልኩ ምን ተፈጠረ አለን። ከድጃ ተቀበለችና አጠፋችው፤ በእርጥብ እጇ የሐጃዋን እጅ ይዛ በራሷ አንደበት ነገረቻቸው።

«ቢንቲ ማሺያ መዓ ኡኽቲ።»

ልጄ ከእህቴ ጋር ትሄዳለች። ማንም አልተረጎመልኝም። ደስ አለኝ፣ እንባዬም መጣ፤ «ቢንቲ» ስትል ግን፣ በዚያ ሁሉ መሀል፣ ደግሜ ቀናሁ።